አሥራ ሁለቱ የክትክታ ጉቶዎች

በረዶው የወረደው ጥር 27 ቀን 1988 ዓ.ም. ነበር። ነበር እላለሁ እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም። ሃያ ሰባት የምለው እትዬ እማዋይሽ «የመድኃኔ ዓለም ዕለት» ይሉት ስለነበር ነው። እኔ ሰኞ መሆኑን ብቻ አስታውሳለሁ። ዓመቱንም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ከሚቀጥለው ጋር አምታታዋለሁ፤ ዳላስ በረዶ የሚጥለው አልፎ አልፎ ስለሆነ አንዱ ክረምት ሌላውን ይውጠዋል። የማላምታታው ከበረዶው በኋላ የሆነውን ነው። አሥራ ሁለት ቁጥቋጦዎች ቅጠላቸው ተቃጥሎ ቆሙ፤ አንዲት የጋይንት ሴት አልሞቱም አሉ፤ እኔ ደግሞ በሴትዮዋና በአለቃችን መካከል ቆምኩ።

የምንሠራው ከዳላስ በስተሰሜን፣ ወደ ሪቻርድሰን በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ የመስታወት ቤት ውስጥ ነበር። ባለቤቱ በወጣትነቱ ሃዋይ በባሕር ኃይል ያገለገለ ሀብታም ሽማግሌ ነው። ሌላው ሀብታም መኪና እንደሚሰበስብ እሱ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች ዛፍ ይሰበስባል። አበባው እንደ ቀይ ዘርፍ የሚንጨባረር፣ ከእሳተ ገሞራ አለት ላይ የሚበቅል ኦሂያ የሚባል ዛፍ ነበረው። ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ፈርን የሚባል አበባ የሌለው ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል ነበረው። ሃላ የሚባለው ደግሞ ከግንዱ ወደ መሬት በወረዱ ሥሮች ተደግፎ የሚቆም ነው። እትዬ እማዋይሽ ስሙን ለመያዝ አልደከሙም፤ «ባለ ምርኩዙ» አሉትና ቀረ።

ከሁሉም የሚያናድዳቸው ኮአ የተባለው ዛፍ ነበር። ኮአ የግራር ዘመድ ነው። ችግኙ የግራር ቅጠል ያወጣል፤ ከፍ ሲል ግን ያን ጥሎ እንደ ማጭድ የታጠፈ ረጅም ነገር ያበቅላል። «ሲወለድ ግራር፣ ሲያድግ ባሕር ዛፍ» ይሉ ነበር። «እሾኹንስ የት ጣለው?»

የደሴቶቹ ዛፎች ሚሊዮን ዓመታት ፍየልም ላምም ሳያዩ ስለኖሩ ብዙዎቹ እሾኽ እንደሌላቸው ነገርኳቸው።

«ፍየል አያውቅም?» ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ምስኪን። አንድ ቀን ጋይንት ቢያድር አለቀለት።»

ያኔ ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ይሆናል። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ አረማመዳቸው የቸኮለ። ከጋይንት ተነስተው ሱዳን ስድስት ዓመት ከርመው ነው ዳላስ የገቡት። ስለ መንገዱ ብዙ አያወሩም። ቪከሪ ሜዶ በሚባል የዳላስ ሰፈር፣ እኔ ከምኖርበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር ቤታቸው። መጀመሪያ የሰማሁት ዝናቸውን ነው። የአፓርትመንታቸው ማሞቂያ ተበላሽቶ አስተዳዳሪዋ ዛሬ ነገ ስትል ጋቢያቸውን ለብሰው ቢሮዋ ገብተው ተቀመጡ። ቋንቋ የለም፣ ጠብ የለም፣ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት። እንግዳ ሲመጣ ብድግ ብለው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይላሉ፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። በተቀመጡ በአራተኛው ሰዓት ጠጋኙ መሣሪያውን ይዞ መጣ።

ወደ መስታወት ቤቱ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። አራት ኪሎ ዕፅዋት ያጠናሁ ስለሆንኩ ከሁሉ በፊት የተቀጠርኩ እኔ ነበርኩ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሪቻርድሰን ኮምፒውተር እማራለሁ። ሦስተኛችን አሻግሬ ነው። የመርካቶ ልጅ፣ ቀልደኛ፣ ጠዋት ጠዋት በአሮጌ መኪናው የሚያደርሰን።

በመጀመሪያው ቀን እትዬ እማዋይሽን ከጓሮው በር እስከ ፊት ለፊቱ አዞርናቸው። በምንም ነገር አልተደነቁም። ምዕራቡ ጥግ ላይ ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ። ቅጠላቸው ጠባብና የሚያብረቀርቅ፣ ዘራቸው በሦስት ክንፍ የታጠፈ አሥራ ሁለት ቁጥቋጦዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል። አንድ ቅጠል ቀነጠሱ፤ በጣታቸው አሹት፤ የሚያጣብቀውን ጣታቸውን አሸተቱ።

«ክትክታ!» አሉ። «ይኼን ደግሞ ማን አመጣው?»

«እትዬ፣ የሃዋይ ነው» አለ አሻግሬ። «ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፣ ይዩት!»

«ሰሌዳውን የጻፈው ሰው ማገዶ ለቅሞ ያውቃል?»

«አያውቅም መሰለኝ።»

«እኔ አውቃለሁ። አንተ ዝም በል፣ ዛፍ በሥዕል ያየህ የመርካቶ ልጅ!»

ሰሌዳውን አነበብኩ። ደሴተኞቹ የሚጠሩበት ስም ከላይ ነበር፣ የላቲኑ ከታች። የላቲኑ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከእንጦጦ ቆርጬ፣ በጋዜጣ መካከል አድርቄ፣ በራሴ እጅ ከሥሩ የጻፍኩት ስም ነበር። እውነታቸውን ነው፣ ክትክታ ነው አልኳቸው። ዘሩ ክንፍ አለው፤ የባሕር ውሃም ቶሎ አይገድለውም፤ ስለዚህ ሰው ሳይወስደው ብዙ የዓለም ዳርቻ ደርሷል፤ ለሃዋይም ለጋይንትም የአገር ተወላጅ ነው።

«ማንም አላመጣውማ» አሉ። «ራሱ ነው የሄደው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጥግ የሳቸው ሆነ።

የበረዶው ዕለት መብራት ጠፋ፤ ማሞቂያው ለሰባት ሰዓት ያህል ቆመ። ፈርኖቹ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኙ። ኦሂያው አበባውን አራገፈ። ክትክታዎቹ ወድቀው አልታዩም፤ ቅጠላቸው ግን ከጫፍ እስከ ግርጌ ቡናማ ሆነ።

አለቃችን ዱዌን ይባላል። ረጅም፣ ቦት ጫማ የማያወልቅ የቴክሳስ ሰው፤ ክፉ አልነበረም፤ ሽማግሌውን ግን ይፈራ ነበር። ክትክታዎቹ ሽማግሌው በገዛ እጁ ከዘር ያበቀላቸው ናቸው። ዱዌን ማልዶ ይመጣና ጭጋግ የሚረጨውን ቱቦ እነሱ ላይ ያዞረዋል፤ ማታም ከመሄዱ በፊት ያዞረዋል። ማንም እንዳይነካቸው አዘዘ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። አፈሩ ጨቀየ፤ ከቱቦው ሥር ያለው ቁጥቋጦ ግርጌው መሽተት ጀመረ።

እትዬ እማዋይሽ አንድ ጠዋት ጠርተውኝ የአንዱን ግንድ ቅርፊት በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ። ከሥሩ አረንጓዴ ነበር።

«ሕያው ነው። እያሰጠመው ነው ያለው። በለው።»

ለዱዌን ነገርኩት። ከጉልበት በታች ቆርጦ ውሃ መከልከል ነው የሚሉት አልኩት።

ዱዌን ሳቀ። «ኤማ የሃዋይ ዛፍ ከየት ታውቃለች?» ኤማ ነበር የሚላቸው። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ልክ ናት?»

ልክ መሆናቸውን አውቃለሁ። እንጦጦ ላይ ክትክታ ሲቆረጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት ከጉቶው እጥፍ ሆኖ ሲወጣ አይቻለሁ። ግን የኮሌጅ ክፍያ ነበረብኝ፤ ዱዌን ደግሞ የሚከራከረውን አይወድም። «እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አልኩ።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ እማዋይሽ።

«ያስብበታል።»

አላሰበበትም። የካቲት 15፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዱዌን የፈርን ችግኝ ሊያመጣ ፎርት ወርዝ ሄደ። መኪናው ከግቢው እንደወጣ እትዬ እማዋይሽ መጋዙን ከግድግዳው አወረዱ።

«እትዬ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ አሻግሬ።

«ነገ ኪዳነ ምሕረት ናት። በበዓል አይቆረጥም። ሰኞ ካልኩ ደግሞ አንድም አይተርፍም። ዛሬ ነው።»

«ፋየር ያደርግዎታል!»

«ያድርገኛ!»

«ማለቴ፣ ኮል አድርገን ቢሮ እናስፈቅድ እንጂ፣ እትዬ...»

«ዛፉን ጠይቄዋለሁ» አሉና ተንበረከኩ።

መጋዙን በመጀመሪያው ግንድ ላይ አሳረፉ። ክትክታ ጠንካራ እንጨት ነው፤ መጋዙ ይጮኻል። ውሃ እንዳይተኛበት እያዘነበሉ፣ ከጉልበት በታች፣ አንድ በአንድ ቆረጡ። እኔና አሻግሬ ጭራሮውን አወጣን እንጂ መጋዙን አልያዝንም። ሲጨርሱ ቱቦውን ከቧንቧው ነቅለው ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ አኖሩት። ከወፍራሞቹ ግንዶች አንዱን መርጠው እጀታው ለተሰበረው ትንሽ መቆፈሪያ አዲስ እጀታ ጠረቡ። ዱዌን በዚያ መቆፈሪያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲሠራ እጀታው ከየት እንደመጣ አልጠየቀም።

ሰኞ ዕለት ጥጉ ላይ አሥራ ሁለት ጉቶ ሲያይ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ። ቢሮ ገብቶ አንድ ቅጽ በእጁ ሞልቶ ወጣ፤ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ኤማ፣ እያወቀች፣ ያለ ፈቃድ፣ የድርጅቱን ንብረት አጥፍታለች ይላል። ከታች የፊርማ ቦታ አለ።

«ትፈርም» አለኝ። «ከፈረመች ሌላ ቦታ አሠራታለሁ። ካልፈረመች ትሂድ።»

ተረጎምኩ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ማን ናት ያጠፋችው ይላል?»

«ኤማ።»

«እሷ ስትመጣ ትፈርማለች።»

አሻግሬ ጀርባውን አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እትዬ እማዋይሽ ግን አልሳቁም። ዱዌንን ቀና ብለው ዓይን ዓይኑን እያዩት ነበር የተናገሩት፦

«በለው፦ አላጠፋሁም። እስከ ደብረ ዘይት ታገሠኝ። ካላቆጠቆጠ ፈርሜ እወጣለሁ፣ ያንተን ማባረር አልጠብቅም። ካቆጠቆጠ ግን ይኼን ወረቀት እዚሁ፣ በፊቴ፣ በገዛ እጅህ ትቀደዋለህ። አንዲቷን ቃል ሳታስቀር በለው።»

አስቀረሁ። ዱዌን የወረቀቱን ጫፍ እንደያዘ ነበር፤ መንጋጋው ሲጠብቅ ይታየኛል። «ሦስት ሳምንት ቢጠብቋት በጣም ታመሰግናለች» አልኩት በእንግሊዝኛ። «ከበቀለ ወረቀቱን እንደገና ቢያስቡበት ብላ በትሕትና ትጠይቃለች።» ሰው የማድን መስሎኝ ነበር።

ዱዌን ተነፈሰ። በበረዶው ምክንያት ሥራው በዝቶበታል፤ ሰው የለውም። «ሦስት ሳምንት» አለ።

«እሺ ብሏል» አልኳቸው።

«ትቀደዋለህ ስትለው እሺ አለ?»

«እሺ ብሏል።»

አንድ አፍታ አዩኝ። ከዚያ መጥረጊያቸውን አነሱ።

ሁዳዴ ነው። ምሳ ሳይበሉ ይሠራሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ጠዋት ጠዋት በጉቶዎቹ አጠገብ ያልፋሉ፤ ጎንበስ ብለው ግን አያዩም። የማየው እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም። በሁለተኛው ሳምንት አፈሩ ተሰነጣጠቀ፤ የጉቶዎቹ ጫፍ ደርቆ ግራጫ ሆነ። አሻግሬ በመኪናው ውስጥ «እትዬ፣ አፕሊኬሽን ላምጣልዎ? ኤርፖርት ሰው እየቀጠሩ ነው» ይላቸዋል። «ለራስህ አምጣ፣ መንዳትህን ሲያዩ መንጃ ፈቃድህን ሊነጥቁህ ነው» ይሉታል።

አንድ ቀን ፍርሃቴ አሸነፈኝ። ሰው በሌለበት ማጠጫ ሞልቼ ጥጉ ድረስ ሄድኩ። ላፈስ ስል እጄን ከኋላ ያዙት። ሲመጡ አልሰማሁም።

«ተምረሃል አይደል?» አሉኝ።

«ተምሬያለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ የምታውቀውን ለምን አታምነውም?»

ማጠጫውን ወስደው ባለ ምርኩዙ ሥር ደፉት። እሳቸው በጋይንት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር «የኮረብታውን ክትክታ ንቀሉና ባሕር ዛፍ ትከሉ» ሲል፣ መንደሩ ሁሉ ሲነቅል የራሳቸውን ድርሻ ሳይነቅሉ ስለቀሩ ሁለት ሳምንት የታሰሩ ሴት መሆናቸውን ያወቅኩት በዚያው ሰሞን ነው። እሳቸው አልነገሩኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የአገራቸው ሰው ነው የነገረኝ። ሲፈቱ ሊቀመንበሩ «ተማርሽ?» ቢላቸው «የእስር ቤቱ ማገርም ክትክታ ነው፤ እሱንም ንቀለዋ» አሉት አለኝ።

ደብረ ዘይት ሦስት ቀን ሲቀረው አሻግሬ ከጥጉ ጮኸ። ሮጬ ሄድኩ። ከአራተኛው ጉቶ ቅርፊት ሥር የጤፍ ፍሬ የምታክል ቀላ ያለች ነገር ወጥታለች። ስነካት ጣቴ ላይ ተጣበቀች። በማግስቱ ሰባቱ አወጡ። ሰኞ፣ የደብረ ዘይት ማግስት፣ አሥራ አንዱ ዙሪያቸውን አቆጥቁጠው ነበር። አሥራ ሁለተኛው ከቱቦው ሥር የነበረው ነው፤ እሱ በስብሷል።

ዱዌን ትንሹን መቆፈሪያ እንደያዘ መጣ። ቆቡን አውልቆ በአንድ ጉልበቱ ተቀመጠና ረጅም ጊዜ አየ። «ጉድ ነው» አለ። ከልቡ ደስ ብሎት ነበር፤ ይህን መመስከር አለብኝ። «ኤማ፣ አሸነፍሽ። ሥራሽን ቀጥዪ። ሽማግሌው ሲመጣ አንቺ መሆንሽን እነግረዋለሁ።»

ተረጎምኩላቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና «ወረቀቱን ያምጣ» አሉ።

ዱዌን አመጣው። ግን ሊቀድ አልነበረም ያመጣው። «አስቤበታለሁ» አለ። «አልቀጣትም። ያለ ፈቃድ መቁረጧ ግን እውነት ነው፤ ፋይል ውስጥ መቀመጥ አለበት። ትፈርምና ነገሩ ያልቃል።»

«ቃሉን በላ?» አሉኝ። አሻግሬ ወደኔ ዞረ። እሱ እንግሊዝኛው ከኔ ይሻል ነበር፤ ያን ሰኞም አጠገባችን ነበር። ዓይኑን ጣለብኝ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ቃሉን አልበላም። እኔ ነኝ ያልነገርኩት።»

የሚጮኹብኝ መስሎኝ ነበር። በእጃቸው ከመንገዳቸው ገለል አደረጉኝ፤ አልገፉኝም፣ የበር መጋረጃ እንደሚገለጥ ነው። ዱዌን ፊት ቆሙ። የሳቸው ቁመት ደረቱ ጋ ነው። በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

«ዱዌን። አይ ሴይ፣ ትሪ ግሮው፣ ዩ ቴር። ትሪ ግሮው።» በጣታቸው አሥራ አንዱን ጉቶ አሳዩት። «ናው ዩ ቴር።» ከዚያ ጣታቸው አሥራ ሁለተኛው ላይ ቆመ። «ዚስ ዋን፣ ዩር ዋተር።» ዛፉ በቅሏል፣ አሁን ቅደድ፤ ይኼን የገደለው ግን ያንተ ውሃ ነው ማለታቸው ነበር።

ዱዌን እኔን አየኝ። «እንዲህ ነበር ያለችህ?»

«እንዲህ ነበር። እኔ ነኝ ያላልኩት።»

የመስታወቱ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ዱዌን ወረቀቱን ይዞ ቆመ፤ ወደ ጉቶዎቹ አየ፤ በሌላ እጁ ወደያዘው ትንሽ መቆፈሪያ የክትክታ እጀታም አየ። መቆፈሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወረቀቱን መሃል ለመሃል ቀደደው። ደርቦ እንደገና ቀደደው። እትዬ እማዋይሽ መዳፋቸውን ዘረጉ። ቁራጮቹን ተቀብለው ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ።

«አሁን ንገረው» አሉኝ በአማርኛ፣ «ደግሞ እንዳታሳምር። ስሜ እማዋይሽ ነው። ከዚህ በፊት ብወጣ አባረራት ይባል ነበር። አሁን በፈቃዴ እወጣለሁ። አዲሶቹን እስኪጠነክሩ ውሃ እንዳያበዛባቸው።»

ነገርኩት። አንዲት ቃል አላስቀረሁም። ዱዌን «እማ... ዋ... ይሽ» አለ፤ በሦስት ቦታ ሰብሮት ነው እንጂ አለው። ቆዪ አላቸው፤ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። ሽርጡን አውልቀው ቁራጮቹን ወደ ቦርሳቸው አዛወሩ፤ ጓንታቸውን ምስማሩ ላይ ሰቀሉ። አሻግሬ በመኪና ላድርስዎ ቢል «አንተ ሥራህን ሥራ፤ አውቶቡስ አለ» አሉት።

እኔ ግን ተከተልኳቸው። እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እሳቸው ቀድመው እኔ ተከትዬ ሄድን። ራሴ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስ ነበር። እንግሊዝኛው ያን ያህል ከገባቸው ያን ሰኞም ገብቷቸው ነበር ማለት ነው። አንድ አፍታ ሲያዩኝ ቃላቸውን እንዳሳነስኩባቸው ያውቁ ነበር? አውቀው ከሆነ ለምን ዝም አሉ? ለኔም እንደ ጉቶዎቹ ሦስት ሳምንት ሰጥተውኝ ነበር?

ማቆሚያው ጋ ደረስን። አውቶቡሱ ከጥግ ብቅ ብሏል። «እትዬ» አልኩ።

«ሂድ፣ ክፍል አለብህ» አሉኝና ትከሻዬን መታ አድርገው ደረጃውን ወጡ። አፌን ስከፍት በሩ ተዘጋ።